ዳኛው ሳይንቲስት ነው፤ በረኛው ግን ፖለቲከኛ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይኼ አንተን ይመለከታል» ብሎ የላከልኝን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ስለ አውሮፓ የምርምር ገንዘብ ያነሱት ወደዚህ መጥተው መማርና መመራመር ለሚያስቡ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ምክር እንዲሆን ነው። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ በአውሮፓ የምርምር ገንዘብ የሚሰጠው በችሎታ ብቻ ነው፤ ስዊዘርላንድና ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ቢቃቃሩም የቀረባቸውን ከራሳቸው ካዝና ስለተኩ የጎደለባቸው ነገር የለም፤ በኅብረቱ አባል አገር የሚሠራ ተመራማሪ ደግሞ ከነጭራሹ ሐሳብ አይግባው፤ የአውሮፓ ሳይንስ ጦርነትን እንኳ ተሻግሮ የኖረ ነው፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው።

ጸሐፊው ለወጣቶቹ አስበው እንደጻፉ አልጠራጠርም። እኔ ግን ስዊዘርላንድ ውስጥ በአንድ የውሃ ኬሚስትሪ ላቦራቶሪ የምሠራ ሰው ነኝ፤ የሉም ያሏቸውን ነገሮች በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ስለዚህ ነጥቦቻቸውን በተራ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ «በችሎታ ብቻ» የሚለውን እንያዝ። ግማሹ እውነት ነው። ከ2007 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ለጀማሪ ተመራማሪ እስከ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ፣ ለአንጋፋ እስከ 2.5 ሚሊዮን ዩሮ ሲሰጥ ፕሮፖዛሉን የሚዳኙት ሳይንቲስቶች ናቸው። የአመልካቹን ዜግነት አይጠይቁም፤ የሚመዝኑት የሐሳቡንና የሰውየውን ብቃት ነው። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልከራከርም፤ እንዲያውም አውሮፓ ከምትኮራባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ሊሆን ይገባል እላለሁ።

ነገር ግን ፕሮፖዛሉ ዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት በር አለ። የምርምር ምክር ቤቱም ገንዘብ የሚመጣበት፣ ሆራይዘን ዩሮፕ የተባለው የኅብረቱ የምርምር ፕሮግራም ከ2021 እስከ 2027 የተመደበለት 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ነው። ከዚህ ገንዘብ ማን መውሰድ ይችላል የሚለውን የሚወስኑት ዳኞቹ አይደሉም። የምትሠራበት ተቋም የሚገኝበት አገር የኅብረቱ አባል ነው? አባል ካልሆነስ በተባባሪነት ውል ተፈራርሟል? ውሉን የሚፈርሙት ሚኒስትሮች ናቸው፤ ሚኒስትሮች ደግሞ ሌላ የሚጣሉበት ብዙ ጉዳይ አላቸው።

የምኖርበትን አገር ልውሰድ። በፌብሩዋሪ 2014 ስዊሶች ወደ አገራቸው የሚገባው የውጭ ሰው ቁጥር እንዲገደብ በሕዝበ ውሳኔ መረጡ። የድጋፉ ድምፅ 50.3 በመቶ ነበር፤ ለጥቂት ነው ያለፈው። ክሮኤሺያ ገና የኅብረቱ አባል ከሆነች ዓመት አልሞላትም ነበርና፣ የስዊስ መንግሥት የክሮኤሺያ ዜጎች በነጻነት ገብተው እንዲሠሩ የሚፈቅደውን ፕሮቶኮል ልፈርም አልችልም አለ። ብራሰልስም ወዲያው ከሆራይዘን ዩሮፕ በፊት በነበረው ፕሮግራም፣ በሆራይዘን 2020፣ ላይ ይካሄድ የነበረውን ድርድር አቆመች። ልብ በሉ፤ ጠቡ አንድ የክሮኤሺያ ግንበኛ ዙሪክ መጥቶ መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም በሚል ነው። በሩ የተዘጋበት ግን ፕሮፖዛሉን ጨርሶ ለመላክ ቀን ይቆጥር የነበረ የፊዚክስ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በሩ ገርበብ አለ፤ ወለል ብሎ የተከፈተው ስዊዘርላንድ በ2016 መጨረሻ የክሮኤሺያን ፕሮቶኮል ካጸደቀች በኋላ፣ ከ2017 ጀምሮ ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ የስዊስ ሳይንቲስቶች ችሎታ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ይህ ሳይረሳ ሁለተኛው መጣ። በሜይ 2021 የስዊዘርላንድ መንግሥት ከኅብረቱ ጋር ለዓመታት የተደራደረበትን የማዕቀፍ ስምምነት ትቼዋለሁ ብሎ ተነሣ። ያላግባባቸው የሠራተኛ ደመወዝ ጥበቃ፣ የኅብረቱ ዜጎች መብትና መንግሥት ለኩባንያዎች የሚሰጠው ድጎማ ነበር። ስለ ሳይንስ የተጣላ ሰው የለም። ውጤቱ ግን ስዊዘርላንድ በሆራይዘን ዩሮፕ «ተባባሪ ያልሆነች ሦስተኛ አገር» ተብላ መመዝገቧ ሆነ።

ያን ጊዜ እኛ ፕሮፖዛል እየጻፍን ነበር። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የብዙ ሕፃናትን ጥርስ አበላሽቷል፣ የአዋቂዎችን አጥንት ጎድቷል፤ ያንን በርካሽ የሚያጣራ ዘዴ ለማዳበር ነበር ሐሳባችን። አስተባባሪዎቹ እኛ ነበርን፤ ከኔዘርላንድስ፣ ከጀርመንና ከአዲስ አበባ አጋሮች ነበሩን። አንድ ቀን ጠዋት ቢሮ ስገባ ባልደረባዬ የበጀት ሠንጠረዡን ከፍታ ዝም ብላ ታየዋለች። የእኛ መሥሪያ ቤት የነበረበት የመጀመሪያው ረድፍ ወደ ታች ወርዷል። «አስተባባሪ» የሚለው ቃል ተሰርዞ «ተባባሪ አጋር» ተብሏል፤ ከጎኑ፣ የገንዘቡ ዓምድ ላይ፣ ዜሮ። ለሠራተኛ ዜሮ፣ ለጉዞ ዜሮ፣ ለመሣሪያ ዜሮ። ከእኛ በላይ ያለው የአዲስ አበባው ረድፍ ግን ቁጥሩ እንደነበረ ነው።

ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ስለሚሆን ላብራራው። በኅብረቱ ደንብ መሠረት እንደ ኢትዮጵያ ያሉ ብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ተቋማት ያለ ተባባሪነት ውል ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ። ሀብታም አገር ግን ውል ከሌላት በአብዛኛው አታገኝም። ስለዚህ በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ዙሪክና ጄኔቫ ያሏት አገር የበይ ተመልካች ሆና፣ ሸገር ድርሻዋን ይዛ ነበር። ለአዲስ አበባ አጋሮቻችን ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ያንን ሠንጠረዥ ያየ ሰው «በችሎታ ብቻ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከዚያ ወዲያ መጻፍ ይከብደዋል።

ሁለተኛው ነጥባቸው «በራሳቸው ገንዘብ ስለተኩ ዕዳው ገብስ ነው» የሚል ነው። ገንዘቡን መተካታቸው እውነት ነው፤ የስዊዘርላንድ መንግሥት የእኛን ድርሻ ከካዝናው ከፍሏል፤ የአገሪቱ የሳይንስ ፈንድም የአውሮፓውን የሚመስሉ ግራንቶች አቋቁሟል። ያልተተካው ሌላ ነው። በእኛ ፕሮፖዛል አስተባባሪነቱ ወደ ኔዘርላንድስ ሄደ፤ ውሉን የሚፈርመው፣ የሥራውን ቅደም ተከተል የሚያወጣው፣ ስብሰባ የሚጠራው ሌላ ሰው ሆነ። አስተባባሪ ሲቀየር ጥያቄውም አብሮ ይቀየራል። ፕሮጀክቱ ቢመረጥም ፍሎራይዱ ከዋና ዓላማነት ወርዶ ከብዙ ክፍሎች አንዱ፣ ያውም ትንሹ ሆነ። የኔዘርላንድስ አጋሮቻችን ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም፤ እነሱን የሚያስጨንቃቸው የራሳቸው አገር ውሃ ነው። የስዊስ ፍራንክ ዜሮውን ሞላው፤ የተሰረዘውን ቃል ግን መመለስ አልቻለም።

የብሪታኒያው ከዚህም ይበልጥ የሚያሳዝን ነው። በ2020 መጨረሻ ከኅብረቱ ጋር በደረሰችበት የንግድና የትብብር ስምምነት ውስጥ ብሪታኒያ የሆራይዘን ዩሮፕ ተባባሪ እንደምትሆን ሰፍሮ ነበር። ከዚያ የሰሜን አየርላንድ ጠብ መጣ፤ ከእንግሊዝ ተነሥቶ ቤልፋስት የሚገባ ቋሊማ ይፈተሽ ወይስ አይፈተሽ የሚል ክርክር ሁሉ ነበረበት። ኅብረቱ ያ ካልተፈታ የምርምሩን ውል አልፈርምም አለ። በዚህ መሐል በአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ተወዳድረው ያሸነፉ፣ ብሪታኒያ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2022 ምርጫ ቀረበላቸው፦ ወይ ግራንታችሁን ይዛችሁ ወደ ኅብረቱ ወይም ወደ ተባባሪ አገር ተቋም ተዛወሩ፣ ወይ ግራንቱን ተዉት። ከ100 በላይ የሚሆኑት ግራንታቸውን አጡ። ጥቂቶች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ።

የብሪታኒያ መንግሥት ለቀሩት ያንኑ ያህል ገንዘብ እንደሰጠ ጸሐፊው ጠቅሰዋል፤ ልክ ናቸው። ግን እስቲ በሰውየው ቦታ ሆነን እናስበው። ዕድሜህ 34 ነው። ከመላው አውሮፓ ጋር ተወዳድረህ አሸንፈሃል። ባለቤትህ ሥራ አላት፣ ልጅህ ትምህርት ቤት ጀምሯል፣ ሁለት የዶክትሬት ተማሪዎች ቀጥረሃል። አሁን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአገርና በግራንት መካከል ምረጥ ተባልክ። የቀረም የሄደም ያጣው ነገር አለ። ባንክ ሒሳብ ውስጥ የገባው ገንዘብ እኩል ነው ብሎ ምንም አልጎደለም ማለት የሰውን ሕይወት በደረሰኝ መለካት ነው።

የዊንዘር ማዕቀፍ የተባለው ስምምነት በፌብሩዋሪ 2023 የሰሜን አየርላንድን ጉዳይ ሲያረግብ የምርምሩ ድርድር ተከፈተ፤ ብሪታኒያ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ተመለሰች። በዓመት በአማካይ ወደ 2.4 ቢሊዮን ዩሮ ትከፍላለች። ምንም ያልጎደለበት ሰው ይህን ያህል ከፍሎ ለመመለስ ለምን ይደራደራል? ለዚህ በጽሑፋቸው መልስ አላገኘሁም።

ያልተመለሰም አለ። ኦክስፎርድ አቅራቢያ ኩልሃም የሚባል ቦታ ከ1983 ጀምሮ የአውሮፓ ሳይንቲስቶች በጋራ የሠሩበት ጄት የተባለ የኒውክሌር ውሕደት መሣሪያ ነበር። በ2023 የመጨረሻ ሙከራዎቹ በ0.2 ሚሊግራም ነዳጅ 69 ሜጋጁል ኃይል አወጣ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። መሣሪያው በዚያው ዓመት መጨረሻ ሥራ አቆመ። ከጄት የተገኘው ዕውቀት ዋና ወራሽ ደቡብ ፈረንሳይ እየተገነባ ያለው ዓለም አቀፍ የውሕደት መሣሪያ፣ ኢተር፣ ነው። ብሪታኒያ ግን ወደ ሆራይዘን ስትመለስ ወደ ኅብረቱ የውሕደት ፕሮግራም አልተመለሰችም፤ በራሴ አገር እሠራለሁ ብላ ከኢተርም ውጭ ቀረች። 40 ዓመት አብረው አንድ ማሽን የጠገኑ ሰዎች በሁለት ጎራ ሆኑ ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ የአባል አገር ተመራማሪ ሐሳብ አይግባው የሚለው፣ ብዙ አያከራክርም። ሃንጋሪ ከ2004 ጀምሮ አባል ናት። መንግሥቷ አብዛኞቹን የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ፖለቲከኞች በቦርድ ወደሚቀመጡባቸው ፋውንዴሽኖች አዛወረ፤ የኅብረቱ ምክር ቤት ደግሞ በዲሴምበር 2022 ከእነዚህ ፋውንዴሽኖችና ከሚያስተዳድሯቸው ተቋማት ጋር አዲስ ውል እንዳይገባ ወሰነ። 21 ዩኒቨርሲቲዎች ከአዳዲስ የሆራይዘን ውሎች ውጭ ሆኑ፤ ስመ ጥሩው የቡዳፔስት የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ሰመልዋይስ አንዱ ነው። ኅብረቱ ለገንዘቡ መጠንቀቁ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቦርዱን ያልሾመች፣ ላቦራቶሪዋ ውስጥ ካንሰር የምታጠና ሐኪም ግን ከሚኒስትሮቹ ይልቅ ቅጣቱ የተሰማው በእሷ ላይ ነው።

አራተኛው የአውሮፓ ሳይንስ ጦርነትን ተሻግሮ የኖረ ነው የሚለው ነው። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ 1919 ነው። በዚያ ዓመት ሜይ 29 እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤዲንግተን ፕሪንሲፔ ደሴት ላይ የፀሐይ ግርዶሽ ፎቶግራፍ አንሥቶ በርሊን የሚኖረውን የአይንሽታይንን ሐሳብ አረጋገጠ፤ ይህ ታሪክ ሳይንስ ከጦርነት በላይ ለመሆኑ ምስክር ተደርጎ ይነገራል። በዚያው ዓመት የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የምርምር ምክር ቤት ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሸነፉትን ጀርመንና ጓደኞቿን እስከ 1926 አላስገባም። የጀርመን ሳይንቲስቶች በብዙ ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች አይጠሩም ነበር። አይንሽታይን ራሱ፣ ጀርመኖች ባልደረቦቼ ካልተጠሩ እኔም አልመጣም ብሎ በ1924ቱ የብራሰልስ የሶልቬይ ጉባኤ ሳይገኝ ቀረ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ጸሐፊው የነገሩን ግን የግርዶሹን ዓይነት ታሪክ ብቻ ነው።

ወደ ራሳችን ዘመን ስንመጣ ደግሞ ኢሮሲታን ማንሣት አለብኝ። ጀርመኖች የሠሩት የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ነው፤ በጁላይ 2019 በሩሲያ ሳተላይት ተጭኖ ከባይኮኑር ተወነጨፈ፤ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ መላውን ሰማይ ስምንት ጊዜ ሊቃኝ ታቅዶ ነበር። በሁለቱ አገሮች ውል መሠረት ሰማዩ እኩል ለሁለት ተከፍሏል፤ የግማሹ መረጃ የጀርመን፣ የግማሹ የሩሲያ። አራቱ ቅኝት ተጠናቆ አምስተኛው ተጀምሮ ሳለ ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2022፣ ቴሌስኮፑ ሥራ እንዲያቆም ተደረገ። ጀርመኖች በ2024 መጀመሪያ የራሳቸውን ግማሽ ሰማይ የመጀመሪያ ቅኝት ይፋ ሲያደርጉ ወደ 900,000 የሚጠጉ የኤክስሬይ ምንጮች ተቆጥረውበታል፤ ያውም ከአንዱ ቅኝት ብቻ።

ወረራውን በምንም አላቃልለውም፤ ከወራሪ መንግሥት ጋር እንደ ትናንቱ መቀጠል የማይቻልበት ጊዜ አለ። በ1954 በ12 አገሮች የተመሠረተው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ሰርን ከሩሲያ ጋር የነበረውን የትብብር ውል በኖቬምበር 2024 ሲዘጋ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ እዚያም ቢሆን ሩሲያ ውስጥ ዱብና ከተማ ካለው ዓለም አቀፍ የኒውክሌር ምርምር ተቋም ጋር ያለው ውል አልተቋረጠም። በ2022 ወደ ማርስ ሊላክ የነበረው የአውሮፓ ተሽከርካሪ ሮቦትም ከሩሲያ ጋር በመለያየቱ ምክንያት አሁን የተያዘለት ጊዜ 2028 ነው። ውሳኔው ትክክል ነው የሚል ሰው ዋጋውንም አብሮ መናገር አለበት። «ሳይንስ ተሻግሮ ያልፋል» የሚለው አባባል ይህን ዋጋ ይደብቃል።

የመጨረሻው ነጥብ በጣም የቆረቆረኝ ነው። ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ ነው ይላሉ። አለርት ግቢ ውስጥ ያለውን የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የማያውቅ የአዲስ አበባ የጤና ተመራማሪ አለ? በ1970 የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ናቸው የመሠረቱት፤ ስሙም የሥጋ ደዌን ተሕዋስ ያገኘው የኖርዌያዊ ሐኪም ነው። የእኛ የጤና ምርምር ከአውሮፓ ገንዘብና ከአውሮፓ ወዳጅነት ጋር ሲተሳሰር ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከላይ እንዳልኩት የኢትዮጵያ ተቋማት ከሆራይዘን ገንዘብ ማግኘት የሚችሉት በአገሮች ዝርዝር ነው። ዝርዝር ደግሞ ይለወጣል። ቻይና፣ ሕንድ፣ ብራዚልና ሩሲያ ቀድሞ እንዲህ ያለ መብት ነበራቸው፤ ከ2014 ጀምሮ ኅብረቱ አነሣው። በዚያ ላይ የትብብር ፕሮጀክት ሲቀርብ ከአባል ወይም ከተባባሪ አገሮች ቢያንስ ሦስት ተቋማት፣ ከሦስት የተለያዩ አገሮች፣ መኖር አለባቸው፤ ከእነሱም አንዱ የግድ ከአባል አገር ነው። ጎንደር ወይም ጅማ ያለ ተመራማሪ አሥር ዓመት አብሮ የሠራው ስዊዘርላንዳዊ ፕሮፌሰር ከዚያ ቁጥር ሲወጣ፣ አዲስ ደጅ መጥናት ያለበት እሱም ጭምር ነው።

የብሪታኒያው ደግሞ በቀጥታ እኛው ዘንድ ደርሷል። መንግሥቷ የውጭ ዕርዳታዋን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ሲያወርድ፣ በ2021 የአገሪቱ የምርምር ፈንድ ለታዳጊ አገሮች ምርምር የተመደበለት ገንዘብ አስቀድሞ ቃል ከገባው በ120 ሚሊዮን ፓውንድ አነሰ። የተቆረጠው ሊጀመር የታሰበ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ በመካሄድ ላይ ያሉ ፕሮጀክቶችም በጀታቸው ተቀነሰ። ኢትዮጵያን ከኮሎምቢያ፣ ከሕንድና ከማሌዥያ ጋር ያቀፈው፣ በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የውሃ ዋስትና ማዕከል የተቋቋመው በዚሁ የዕርዳታ ገንዘብ ነበር። በ2025 ደግሞ ዕርዳታው በ2027 ወደ 0.3 በመቶ እንዲወርድ ተወሰነ፤ ምክንያቱ የመከላከያ በጀት ነው። የለንደን የጦር በጀትና የአባይ ተፋሰስ የውሃ ጥናት አይገናኙም የሚል ካለ፣ እንዴት እንደማይገናኙ ያስረዳኝ።

ወጣቶቹ ወደ አውሮፓ አይምጡ አላልኩም። ይምጡ፤ ግን ፕሮፌሰሩ ያሳተማቸውን ጽሑፎች ሲያዩ የተቋሙ አገር ከብራሰልስ ጋር ያለውን ውል ማብቂያ ዓመትም ይዩ። አሁን ያለው ፕሮግራም በ2027 ያበቃል። የአውሮፓ ኮሚሽን ከ2028 እስከ 2034 ለሚቀጥለው 175 ቢሊዮን ዩሮ እንዲመደብ ሐሳብ አቅርቧል፤ ማን በምን ውል ይገባል የሚለው ድርድርም አብሮ የሚመጣ ነው። ዛሬ ዶክትሬቱን የሚጀምር ልጅ የመጀመሪያ ግራንቱን የሚጠይቀው በዚያኛው ነው።

ስዊዘርላንድ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ እንደገና እንድትወዳደር ተፈቅዶላት በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር ውሉን በርን ላይ ፈርማለች። እኛም ፋይሉን ከፈትነው። ረድፋችን ወደ ላይ ተመልሷል፤ «አስተባባሪ» ብለን መጻፍ እንችላለን። ያን ቀን ጠዋት ሠንጠረዡን ዝም ብላ ስታይ ያገኘኋት ባልደረባዬ ግን በ2022 ኔዘርላንድስ ሥራ አግኝታ ሄዳለች። የፍሎራይዱን ማጣሪያ ስሌት ጠንቅቃ የምታውቀው እሷ ነበረች። ባለፈው ሳምንት ደውዬላት፣ አሁን የምትሠራው ስለ ባሕር ውሃ መሆኑን ነገረችኝ።